ዳምቤል ሲጠፋ ክብደት ከየት ይገኛል?

ቤቱ ውስጥ ስፖርት ለመሥራት የወሰነ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ሱቅ ገብቶ ዋጋ መጠየቅ ነው። ብዙው ሰው ሐሳቡን የሚተወውም እዚያው ሱቅ በር ላይ ነው። ወይ የሚፈልገው ኪሎ የለም፣ ወይ ከጥንዱ አንዱ ብቻ ቀርቷል፣ ወይ የተጠራው ዋጋ ከቤት ኪራይና ከአስቤዛ ጋር የሚያጣላ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የስፖርት ዕቃ ብረት ነው፤ ብረት ደግሞ ከባድ ነው። አብዛኛው ቻይና ተሠርቶ፣ በመርከብ ጅቡቲ ደርሶ፣ በከባድ መኪና ወደ መሃል አገር ይገባል። ሒሳቡ የሚወራረደው በዶላር ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ባንክ ውስጥ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ከ100 ብር በላይ ሆነ። በኪሎ የሚጫን ዕቃ እንዲህ ያለውን ለውጥ አይችለውም።

እጥረቱ የእኛ ብቻ ሆኖም አያውቅም። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ጂሞችን ሲያስዘጋ፣ አሜሪካ ውስጥ እንኳ ዳምቤል ከመደርደሪያ ጠፍቶ፣ ያገለገለው ከአዲሱ በላይ ይሸጥ ነበር። ያኔ ሳያቋርጡ የሠሩት ሰዎች ዕቃው እስኪመጣ አልጠበቁም፤ ክብደት ያለውን ነገር ሁሉ ማንሳት ጀመሩ። ጡንቻ የሚያውቀው ሸክሙን ነው፤ ሸክሙ ብረት ይሁን አሸዋ አይለይም። ስለዚህ ፍለጋዎን ከዳምቤል ወደ ክብደት ያዙሩት። ከዚህ በታች ያለው አዲስ አበባን እያሰብኩ የጻፍኩት ነው፤ ብዙው ግን በየትኛውም ከተማ ይሠራል።

ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት

ወረቀት ያውጡና ሰውነትዎ የሚያስፈልገውን እንቅስቃሴ ይጻፉ። አምስት ነው፦ መግፋት፣ መጎተት፣ ቁጢጥ ብሎ መነሳት፣ ከመሬት ማንሳት፣ ተሸክሞ መሄድ። ከዚያ በእያንዳንዱ ፊት ለፊት አሁን ቤት ውስጥ ያለዎትን ይጻፉ። ለመግፋት ፑሽ አፕ አለ፤ ምንም ዕቃ አይፈልግም። ለከበደው ግድግዳ ወይም ጠንካራ ጠረጴዛ ተደግፎ መጀመር ይቻላል። ለቁጢጥ የራስዎ ክብደት ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይበቃል። ቶሎ የሚያጥረው መጎተቻው ነው። ቤት ውስጥ የሚጎተት ነገር ስለሌለ ሰዉ ደረቱን ብቻ እየሠራ ጀርባውን ይረሳል፤ ትከሻው ወደፊት ይጎብጣል። ስለዚህ ገንዘብ የሚወጣ ከሆነ መጀመሪያ ለመጎተቻ፣ ቀጥሎ እየጨመሩ ለሚሄዱበት ክብደት፣ በመጨረሻ ለሌላው ይሁን። ትሬድሚል ከዝርዝሩ ግርጌ ይቀመጥ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴና ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ነው፤ የመጀመሪያውን መንገድ ላይ ፈጠን ብሎ በመራመድ ወይም ማለዳ መስቀል አደባባይ ደረጃ ላይ ወጥቶ በመውረድ በነፃ ያገኙታል። ዕቃ የሚያስፈልገው ለሁለተኛው ነው።

ዛሬ ማታ መጀመር ለሚፈልግ

አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎና የጀሪካኑ ክብደት በእጅዎ ላይ ይሆናል። አምስት ሊትር የሚይዘው የፕላስቲክ ውሃ ዕቃ አምስት ኪሎ ነው፤ የግማሽ ሊትሩ ሃይላንድ ለእናትዎ ትከሻ ማሠሪያ ይበቃል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የተጠራቀመው ጀሪካን ቀድሞም ቤት ውስጥ ስላለ ወጪ የለውም። ሁለት ሙሉ ጀሪካን ይዞ ከግቢ በር እስከ ጓዳ አምስት ጊዜ መመላለስ ለጣትም፣ ለጀርባም፣ ለእግርም የሚሆን ሥራ ነው።

ግማሹን የሞላ ጀሪካን ግን ይጠንቀቁት። ውሃው ሲላጋ ክብደቱ ወዲያና ወዲህ ይሄዳል፤ ከራስ በላይ ሲያነሱት አንጓን ይጠመዝዛል። ቀላል ክብደት ከፈለጉ ትንሽ ዕቃ ሙሉ አድርገው ይያዙ። ከበድ ያለ ከፈለጉ በአሸዋ ይቀይሩት፤ አንድ ሊትር ደረቅ አሸዋ 1.6 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን ያው የአምስት ሊትር ዕቃ ወደ 8 ኪሎ ይጠጋል። ከማንሳትዎ በፊት መያዣው ሥር የተሰነጠቀ አለመሆኑን በጣትዎ ይዳስሱ። ማዳበሪያ ውስጥ አሸዋ መሙላት ለሚያስቡ፦ አሸዋውን መጀመሪያ በወፍራም ፌስታል ከፋፍለው ይቋጥሩና ቋጠሮዎቹን ማዳበሪያው ውስጥ ይክተቱ። አንድ ቋጠሮ በማውጣትና በመጨመር ክብደቱን ይለዋውጣሉ፤ ቢቀደድም ቤቱን አሸዋ አያለብስም።

ጎሚስታው ጋ የሚገኘው

መጎተቻ ለማግኘት ርካሹ መንገድ ጎማ ነው። የስፖርት ሱቅ የሚሸጠው የሚለጠጥ ጎማና ጎሚስታ ደጃፍ የተጣለው ካላማዳሪ የሚሠሩት ሥራ አንድ ነው። የአዳዲስ የቤት መኪና ጎማዎች ብዙዎቹ ካላማዳሪ ስለሌላቸው ስለ ብስክሌት፣ ስለ ባጃጅና ስለ ጭነት መኪና ይጠይቁ። የብስክሌቱ ለትከሻና ለክንድ፣ የባጃጁ ለጀርባ ይሆናል፤ የጭነት መኪናው ሳይቆረጥ የሚለጠጥ አይደለም።

ካላማዳሪውን ሲቀበሉ በብርሃን ፊት ወጠር አድርገው ይዩት። ደቃቅ ስንጥቅ ካለበት ይመልሱ፤ ተበስቶ የተለጠፈበት ቦታም ካለ በዚያ በኩል ይቁረጡት። ቀጥሎ ንፋስ መሙያውን ቆርጠው ይጣሉ፤ ብረቱ ፊት ላይ ቢመታ ዓይን ያጠፋል። ውስጡ ዱቄት ስለሚኖረው በሳሙና አጥበው ጥላ ላይ ያድርቁት፤ ፀሐይ ጎማን ያደርቃል። የጭነት መኪናውን ርዝመቱን ተከትለው በሹል መቀስ አራት ጣት በሚያህል ስፋት ይቁረጡ። ጠርዙ ላይ የመቀስ ጥርስ ከቀረ ከዚያው ስለሚተረተር መቀሱን ሳያነሱ በአንድ ጊዜ መሄድ ያስፈልጋል።

ጎማው ስንት ኪሎ እንደሚጎትት ማወቅ ይቻላል፤ ይህን የሚያደርግ ሰው ግን ጥቂት ነው። አንዱን ጫፍ ከጠንካራ ቅርንጫፍ ወይም ከብረት ላይ ያስሩና በሌላው ጫፍ ጀሪካን ያንጠልጥሉ። ጎማው የራሱን ርዝመት እጥፍ እስኪሆን በሊትር እየለኩ ውሃ ይጨምሩ። 12 ሊትር ላይ እጥፍ ከሆነ፣ በዚያ ርዝመት የሚጎትቱት 12 ኪሎና የጀሪካኑን ክብደት ያህል ነው። ቁጥሩን በቀለም ይጻፉበት። በሚቀጥለው ወር መጠንከርዎን የሚያውቁት በዚህ ነው። የሚያስሩበት ቦታ ከእርስዎ ክብደት በላይ የሚችል መሆን አለበት፤ የበር እጀታ አይሆንም። በየሁለት ሳምንቱ ጎማውን መርምረው ስንጥቅ ካዩ ሳይሳሱ ይጣሉት።

ሲሚንቶ ማፍሰስ

በየሰፈሩ ብረት የሚገፉ ወጣቶች ጣሳ ውስጥ ሲሚንቶ ሞልተው፣ መሃሉ ላይ ቱቦ ተክለው ሲሠሩ ኖረዋል። ጥበቡ የቆየና የሚያስከብር ነው። ጉዳት የሚመጣው ሁለት ነገሮች ሲዘነጉ ነው፦ ክብደቱ ሳይለካ ሲቀርና ሲሚንቶው ከብረቱ ላይ ሲንሸራተት። ሁለቱንም መከላከል ይቻላል።

ሥራው የሚጀምረው ከልኬት ነው። አንድ ሊትር ኮንክሪት 2.4 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ስለዚህ 5 ኪሎ ለማውጣት 2.1 ሊትር፣ 10 ኪሎ ለማውጣት 4.2 ሊትር ቦታ የሚይዝ ቅርጽ ይፈልጉ። ባዶ የቀለም ቆርቆሮ ወይም ጥልቀት የሌለው የፕላስቲክ ሳፋ ይሆናል። የሚፈለገውን ሊትር ውሃ ቅርጹ ውስጥ ያፍሱ፣ የደረሰበትን በማርከር ያስምሩ፣ ውሃውን ይድፉ። ኮንክሪቱ እስከዚያ መስመር ብቻ ይሞላል። ጥንድ ሲሠሩ ሁለቱም አንድ ዓይነት ቅርጽ ይሁኑ።

ለድብልቁ አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሁለት እጅ አሸዋ፣ ሦስት እጅ ደቃቅ ጠጠር ይበቃል። አራት ባለ 10 ኪሎ ክብደት ለማፍሰስ ከ7 ኪሎ የማይበልጥ ሲሚንቶ ነው የሚፈጀው፤ ሙሉ ኩንታል ቀርቶ 50 ኪሎ ከረጢት መግዛት እንኳ አያስፈልግም፣ ግንባታ የጨረሰ ጎረቤት ትራፊ አያጣም። ውሃ አያብዙ። ድብልቁ አካፋ ላይ የሚቆም ይሁን፤ እንደ ሾርባ የሚፈስ ከሆነ ሲደርቅ ይፈረፈራል። ጓንት ያድርጉ፤ እርጥብ ሲሚንቶ ቆዳ ያቃጥላል።

የቅርጹን ውስጥ በተቃጠለ ዘይት ይቀቡ። ለባርቤል የሚሆን ሳህን ከሆነ፣ ከብረቱ ጥቂት ሚሊሜትር የሚሰፋ የፕላስቲክ ቱቦ ቁራጭ መሃል ላይ ያቁሙና እዚያው ይቅር፤ ቀዳዳው እሱ ነው። ግማሹን ሞልተው ቀጭን ሽቦ በክብ አጥፈው ያስገቡ፣ ቀሪውን ይሙሉ። ሽቦው ሳህኑ ቢሰነጠቅ እንኳ አንድ ላይ ይይዘዋል። ጎን ጎኑን በእንጨት እየመቱ አየሩን ያስወጡ።

ለዳምቤል እጀታው ላይ ነው ጥንቃቄው። ለስላሳ ቱቦ ሲሚንቶ ውስጥ ቢተክሉት ለጊዜው የያዘ ይመስላል፤ ከወራት በኋላ መሽከርከር ይጀምራል፣ አንድ ቀን ደረት ላይ እያሉ ይወጣል። ስለዚህ ብረቱ ሲሚንቶ ውስጥ በሚገባው በሁለቱም ጫፍ ላይ ጣት የሚያህል አግዳሚ ፌሮ ያስበይዱ። ከዚህ በኋላ ሲሚንቶው ካልተሰበረ በቀር አይወጣም። መጀመሪያ አንዱን ጣሳ ይሙሉ፣ ብረቱ ቀጥ ማለቱን በቱንቢ ወይም በዓይን አረጋግጠው በገመድ ወጥረው ያቆዩት። ሲጠነክር ገልብጠው ሌላውን ጣሳ ይሙሉ። ሁለቱን በአንድ ቀን ለመጨረስ የቸኮለ ሰው የተጣመመ ዳምቤል ይዞ ይቀራል። እጀታው 16 ሚሊሜትር ፌሮ ከሆነ ስለሚቀጥንና ስለሚሻክር የተረፈ ካላማዳሪ አጥብቀው ይጠቅልሉበት።

ከዚያ ትዕግሥት ነው። ከሁለት ቀን በኋላ ከቅርጹ ያውጡት፣ በእርጥብ ጆንያ ይሸፍኑት፣ ለሰባት ቀን ጧትና ማታ ውሃ ያጠጡት። ኮንክሪት የሚጠነክረው በመድረቅ ሳይሆን እርጥበት ይዞ በመቆየት ነው። ሙሉ ጥንካሬው የሚለካው በ28 ቀን ስለሆነ እስከዚያ ከመወርወርና ከመጣል ይጠብቁት። በመጨረሻ ሰፈር ውስጥ ካለ የእህል ወይም የአትክልት ሚዛን ላይ አስመዝነው ኪሎውን በቀለም ይጻፉበት። የጥንዱ ልዩነት ከግማሽ ኪሎ ከበለጠ ቀላሉ ላይ ሽቦ ጠምጥመው ያስተካክሉ።

በያጅ ጋ ሲሄዱ

ለበያጅ "የስፖርት ብረት ሥራልኝ" ብለው አይተዉት፤ ልኩን በወረቀት ይዘው ይሂዱ። ለባርቤል ድፍን የሆነ ክብ ብረት ይጠይቁ። 25 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው በሜትር 3.85 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን አንድ ሜትር ተኩሉ 5.8 ኪሎ ይሆናል። የውሃ ቱቦ ባዶ ስለሆነ ለቀላል ክብደት ብቻ ነው፤ ከበድ ሲል ይጎብጣል። ሳህኖቹ ወደ ውስጥ እንዳይገቡ ሁለት ቀለበት ያስበይዱ፣ ከውጭ በብሎን የሚጠብቅ መቆለፊያ ያሠሩ። ቁርጥራጭ ብረት ምናለሽ ተራ ይገኛል፤ ሶማሌ ተራ ደግሞ ያለቀ የፍሬን ዲስክና ታምቡር አይጠፋም፣ መሃሉ ክፍት ስለሆነ እንደ ሳህን ያገለግላል። በየበሩ የሚዞረውን ቁራሊዮም ያናግሩት። ያሮጌ ብረት መረጃ እንደ እሱ ያለው የለም፤ የሚፈልጉትን ከነገሩት ከሳምንት በኋላ ይዞ ሊመጣ ይችላል።

የፑል አፕ ብረት ግቢ ላላቸው ሁለት ቋሚ ብረት ቢያንስ 60 ሳንቲሜትር ተቆፍሮ በኮንክሪት ተተክሎ፣ ከላይ አግዳሚ ተበይዶ ይሠራል። ኮንዶሚኒየም ለሚኖሩ ግን አጥብቄ የምለው አለኝ፦ ክፍል የሚለየው ግድግዳ ብሎኬት ነው፣ ውስጡ ክፍት ነው፣ የሰው ክብደት ሲወዛወዝበት ብሎኑ ከነፍርስራሹ ይወጣል። ብረቱ የሚታሰረው ኮንክሪት ምሰሶ ወይም ቢም ላይ ብቻ ነው፤ የትኛው እንደሆነ ካላወቁ የግንባታ ሰው ሳያሳዩ አይብሱ። አለበለዚያ የሕንፃው ነዋሪዎች አዋጥታችሁ ግቢው ውስጥ አንድ ብትተክሉ ለሁላችሁም ይበቃል። ፎቅ ላይ ክብደት መሬት ሲያስቀምጡ ከሥር አሮጌ ፍራሽ ወይም የጎማ ቁራጭ ያንጥፉ፤ ከታች ቤት ሰው አለ።

ያገለገለ ሲገዙ

ጥሩ ያገለገለ ዕቃ የሚወጣው ከሦስት ቦታ ነው፦ ከሚዘጉ ጂሞች፣ አገር ከሚለቁ የኤምባሲና የዓለም አቀፍ ድርጅት ሠራተኞች፣ ገዝተው ካልተጠቀሙበት ሰዎች። የውጭ አገር ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚለቁት ትምህርት ሲዘጋ ስለሆነ ግንቦትና ሰኔ ላይ ዓይንዎን ቴሌግራም ላይ ያድርጉ። ዕቃውን ሳያዩ ቀብድ አይላኩ፤ ፎቶ ዕቃ አይደለም።

ሲሄዱ ሜትር ይያዙ። የሳህን ቀዳዳ ሁለት ዓይነት ነው፦ 50 ሚሊሜትር የሆነው ለትልቁ የኦሊምፒክ ባር፣ 25 እስከ 30 የሆነው ለቀጭኑ። ሳህኑን ከአንዱ፣ ባሩን ከሌላው ገዝቶ አልገጥም ያለው ሰው ብዙ ነው። ከአሜሪካ የመጣ ሳህን ላይ የተጻፈው ቁጥር ፓውንድ ነው፤ 45 ቢል 20.4 ኪሎ ነው፣ ዋጋውም በዚያ ይሰላ። አግዳሚ ወንበር ከሆነ ተኝተውበት ይወዝውዙት፣ ቀለም የተቀባበትን የብየዳ መገጣጠሚያ ከሥር ይዩ፤ አዲስ ቀለም ዝገት ይሸፍናል። ትሬድሚል ከሆነ ቢያንስ አሥር ደቂቃ ላዩ ላይ ይሂዱበት፣ የሚቃጠል ሽታ ካለ ይተዉት። ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍም ያንብቡ። የእኛ መብራት 220 ቮልት፣ የአሜሪካው 120 ስለሆነ በቀጥታ ከሰኩት ይቃጠላል። ባለ 2 ፈረስ ጉልበት ሞተር 1,500 ዋት ገደማ ስለሚስብ፣ ሲነሳ ደግሞ ከዚያ በላይ ስለሚፈልግ፣ ወደ 3,000 ዋት የሚችል ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል፤ የእሱም ዋጋ በትሬድሚሉ ዋጋ ላይ ይደመር። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር በእግር ኃይል የሚሠራ ብስክሌት ይሻላል።

ዘመድ ከውጭ ሲመጣ

ዳምቤል አያስመጡ። ከአሜሪካ የሚመጣ መንገደኛ በተለምዶ የሚፈቀድለት እያንዳንዳቸው 23 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ሻንጣዎች ናቸው፤ ያንን በብረት ማስያዝ ዘመድን ማስቸገር ነው። የሚላከው ቀላል ዕቃ ይሁን፦ የሚለጠጥ ጎማ ስብስብ፣ ጥንድ የጂምናስቲክ ቀለበት፣ የባርቤል መቆለፊያ፣ የዝላይ ገመድ። ሁሉም ተደምሮ ብዙ አይመዝንም፣ ቀለበቱ ብቻ ከዛፍ ላይ ሲታሰር የመጎተቻን ችግር ይፈታል።

ክብደቱ ሲያንስ

የተገኘው ክብደት የሚያንስበት ቀን ይመጣል። ያኔ ሌላ ከመፈለግዎ በፊት አሠራሩን ያክብዱት። ሲያወርዱ አራት ይቁጠሩ፣ ታች ላይ ትንሽ ይቆዩ፣ ቁጢጡን በአንድ እግር ያድርጉ። ቀላል ክብደትም ሰው እስኪዝል ከተደጋገመ ጡንቻ እንደሚያሳድግ ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። ሲያነሱ ትንፋሽ አይያዙ፤ የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር ከባድ አያንሳ። ልጆች ባሉበት ቤት ክብደቱ መሬት ላይ እንጂ ተደራርቦ አይቀመጥ።

አንድ ልመና አለኝ። በየቤቱ ልብስ የተሰቀለበት ብስክሌት፣ አልጋ ሥር የተገፋ ዳምቤል፣ በረንዳ ላይ አቧራ የሚጠጣ ትሬድሚል አለ። ከእነዚህ አንዱ የእርስዎ ከሆነ በዚህ ሳምንት ያውጡት። ለሚሠራበት ጎረቤት ያውሱ፣ ይሽጡ፣ ወይም ለሰፈሩ ልጆች ይስጡ።